ቻይና ያልጻፈችው የቻይና ፊደል



ፊደል ሁለት ቋንቋ አለው። አንደኛው በተጻፈው ቃል የሚናገረው ነው፤ ሁለተኛው በመልኩ የሚናገረው ነው። በየመሥሪያ ቤታችሁ ደብዳቤ ስትጽፉና ስትቀበሉ የምትውሉ እናንተ ይህን ከማንም ይልቅ ታውቁታላችሁ። አንድ ቃል በንጹሕ ማተሚያ ተጽፎ፥ ማኅተም ተደርጎበት ሲመጣ ሰው ሁሉ በጥሞና ያነበዋል፤ ያው ቃል በከሰል በግድግዳ ላይ ተሞነጫጭሮ ቢገኝ ግን ዘወር ብሎ የሚያየው የለም። ቃሉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው መልኩ ብቻ ነው። እንግዲህ ፊደልን የሚቀርጽና የሚመርጥ ሰው፥ በአፉ አንድም ነገር ሳይናገር ብዙ ሊናገር ይችላል ማለት ነው።

በዛሬው ንግግራችን የምናወሳው፥ በመልኩ ብቻ ስለ አንድ ታላቅ ሕዝብ ሲናገር ከ140 ዓመት በላይ የቈየ አንድ የማተሚያ ፊደል ነው። ፊደሉ የቻይና ተባለ፤ ነገር ግን ቻይና አልጻፈችውም። ታሪኩ ሲጀመር የማተሚያ ቤት ታሪክ ብቻ ይመስላል፤ እየቈየ ግን የሕግ፥ የእንጀራና የክብር ታሪክ ሆኖ ይገኛል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እንለምናለን።

በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ ከተሞች የተመላለሰ ሰው ይህን ፊደል ሳያየው አይቀርም። በቻይና ምግብ ቤት ታፔላ ላይ፥ በምግብ ዝርዝሩ፥ በክብሪቱ ሽፋን፥ ምግብ ተጠቅልሎ በሚወጣበት ካርቶን ላይ ይገኛል። የተጻፈው ቃል እንግሊዝኛ ነው፤ ፊደሉም ያው የላቲን ፊደል ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ፊደል በየአጥንቱ ተለያይቶ፥ አንዱ ጫፉ ወፍሮ ሌላው ጫፉ እንደ ቢላዋ ሾልኮ፥ ጐበጥ ባሉ ስንጥሮች የተገጣጠመ ይመስላል። ተመልካቹ ቃሉን ገና ሳያነብ «ይህ የቻይና ነገር ነው» ብሎ ይፈርዳል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ይህን የፊደል ዐይነት በምግብ ስም «ቾፕ ሱዊ» ወይም «ዎንቶን» እያሉ ይጠሩታል።

የዚህ ፊደል አባት የሚባለው በ1883 በአሜሪካ አገር በኦሃዮ ግዛት ተቀረጸ። ቀራጩም በክሊቭላንድ ከተማ የነበረው «ክሊቭላንድ ታይፕ ፋውንድሪ» የተባለ የፊደል ማቅለጫ ድርጅት ነው። ስሙንም «ቻይኒዝ» ማለት «የቻይና» ብሎ አወጣለት።

በዚያ ዘመን የማተሚያ ፊደል ከእርሳስ ቀልጦ የሚወጣ ዕቃ ነበረ። ፊደል ለቃሚው በሣጥን ከተደረደረው እርሳስ አንድ አንዱን እየለቀመ ቃሉን ያቆማል፤ ከዚያም ቀለም ተቀብቶ ይታተማል። ለመጽሐፍና ለጋዜጣ ዐምድ የሚሆነው ፊደል ትንሽና ጭምት ነው። ለማስታወቂያ የሚሆነው ግን ከሩቅ የሚጣራ መሆን ነበረበት። ፋብሪካ በዝቶ ንግድ በተስፋፋበት በ19ኛው መቶ ዓመት የፊደል ድርጅቶች እርስ በርሳቸው እየተፎካከሩ፥ በአበባ ያጌጠ፥ ጥላ ያለው፥ እንጨት የሚመስል፥ በረዶ የሚመስል ፊደል እያወጡ ለማተሚያ ቤቶች ይሸጡ ነበር። «ቻይኒዝ» የተባለውም ፊደል በዚህ ገበያ ውስጥ እንደ አንድ አዲስ ጌጥ ሆኖ ወጣ።

ጌጡን ደግሞ ከምሥራቅ ለመዋስ ያነሣሣ ምክንያት ነበረ። ጃፓን በ1850ዎቹ ከምዕራባውያን ጋር መነገድ ከጀመረች ወዲህ የምሥራቅ አገር ሸክላ፥ ሐርና ሥዕል በአውሮፓና በአሜሪካ እንደ ፋሽን ይፈለግ ጀመር። በ1876 በፊላዴልፊያ በተደረገው ታላቅ ኤክስፖዚሲዮን የጃፓንና የቻይና ዕቃዎች ቀርበው ብዙ ሕዝብ ተመለከታቸው። በ1885 ደግሞ «ሚካዶ» የተባለው፥ ጃፓንን መድረኩ ያደረገ የቀልድ ኦፔራ በሎንዶን ታየ። እንግዲህ በዚያ ዘመን ምሥራቅ ለምዕራባውያን ተመልካቾች አንድ ትልቅ የጌጥ ሣጥን ሆኖ ነበር፤ የጃፓኑን ከቻይናው ለይቶ ለማወቅም ብዙ ሰው አይደክምም ነበር።

አሁን ፊደሉን ጠጋ ብለን እንመርምረው። የቻይና ጽሕፈት በብሩሽ የሚጻፍ ታላቅ ጥበብ ነው። ተማሪው ነጠብጣብ፥ አግድም ሰረዝ፥ ቁልቁል ሰረዝ፥ ሜንጦ፥ ወደ ላይ ጭረት እያለ እያንዳንዱን የእጅ ዐይነት ለብቻው ያጠናል። እነዚህም ስምንት የእጅ ዐይነቶች «ዮንግ» በሚባለውና «ዘለዓለም» የሚል ትርጉም ባለው አንድ ቃል ውስጥ ተጠቃለው ስለሚገኙ፥ ይህን ቃል ደጋግሞ መጻፍ የመምህራን የቈየ ልማድ ነው። የትኛው ጭረት እንደሚቀድም፥ የትኛው እንደሚከተል ሥርዓት አለው። ብሩሹ የት እንደሚጫን፥ የት እንደሚነሣም ሥርዓት አለው።

የክሊቭላንዱ ፊደል ከዚህ ሁሉ የወሰደው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም የአንድ ጭረት ጫፍ ወፍሮ ሌላው ጫፍ መሹለሉን ነው። ሥርዓቱን፥ ሚዛኑን፥ የጭረቱን ልዩ ልዩነት ትቶ ያን አንድ ቅርጽ እያባዛ የላቲንን ፊደል ገጣጠመበት። ነገሩ በእኛ ሲመሰል እንዲህ ነው። አንድ የውጭ አገር ሰው የቁም ጸሓፊዎቻችንን የብራና መጽሐፍ በሩቁ አይቶ፥ የፊደሎቻችንን አንገትና እግር ብቻ በዐይኑ ይዞ ይሄዳል እንበል። አገሩ ሲገባ የራሱን ቋንቋ በዚያ አንገትና እግር ጽፎ «ይህ የኢትዮጵያ ፊደል ነው» ቢል፥ የብርዕ አቀራረጹን፥ የቀለሙን አወራረድ፥ የመምህሩን ዓመታት የሚያውቅ ጸሓፊ ምን ይለው ይሆን? ምናልባት ይሥቅ ይሆናል። ነገር ግን ያ የውሸት ፊደል የሀገሩ መታወቂያ ሆኖ በዓለም ሁሉ ቢሰራጭ፥ ሣቁ ወደ ኀዘን መለወጡ አይቀርም።

ይህ ፊደል በወጣበት ጊዜ ቻይናውያን በአሜሪካ በምን ሁኔታ ይኖሩ እንደ ነበር ማወቅ ያስፈልጋል።

በ1848 በካሊፎርኒያ ወርቅ ከተገኘ በኋላ ብዙ ቻይናውያን ባሕር ተሻግረው መጡ። ከ1863 እስከ 1869 ድረስ በተሠራው፥ የአሜሪካን ምሥራቅና ምዕራብ ባገናኘው የባቡር ሐዲድ ሥራ ላይ፥ በምዕራብ በኩል ተራራ የበሱትና ድንጋይ የፈለጡት ከ10,000 የሚበልጡ ቻይናውያን ነበሩ። ሐዲዱ ሲያልቅና ሥራ ሲጠፋ ግን ትናንት የተፈለገው ክንድ ዛሬ ተጠላ። በ1882 ፕሬዚዳንት ቼስተር አርተር የቻይና ሠራተኞች ለ10 ዓመት ወደ አሜሪካ እንዳይገቡ የሚከለክለውን ሕግ ፈረሙ፤ ሕጉ ቻይናውያን የአሜሪካን ዜግነት እንዳያገኙም ከለከለ። በ1892 ክልከላው ታደሰ፤ የታደሰውም ሕግ በአገሩ ያሉት ቻይናውያን ሠራተኞች የመኖሪያ ወረቀት እንዲይዙ አስገደደ። ቈይቶም የጊዜ ወሰኑ ተነሣ። ይህ ሕግ የተሻረው ቻይናና አሜሪካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጓደኞች በሆኑበት በ1943 ሲሆን፥ ያን ጊዜም እንኳ የተፈቀደው በዓመት ለ105 ሰዎች ብቻ ነበር። በሩ በእውነት የተከፈተው በ1965 በወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ነው።

እንግዲህ ቀኖቹን እናነጻጽር። ሕጉ በ1882 ወጣ፤ ፊደሉ በ1883 ተቀረጸ። ፊደሉን የቀረጸው ድርጅት ሕጉን አስቦ ቀረጸው አንልም፤ እንደዚያ ብለን ብንፈርድ ያለ ማስረጃ መፍረድ ይሆንብናል። ነገር ግን አንድ አገር የሕዝቡን መልክ ለጌጥ ወድዶ ሰውየውን በደጅ ሲከለክል ማየት፥ ለማንም አስተዋይ ትምህርት የሚሰጥ ነው።

በየመሥሪያ ቤቱ ሕግ ለምታስፈጽሙ አንባብያን በተለይ የሚጠቅም አንድ ምሳሌ እንጨምር። ቻይናውያን ከብዙ ሥራ በመገፋታቸው ልብስ እያጠቡ መኖር ጀመሩ። የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ማዘጋጃ ቤት በ1880 አንድ ደንብ አወጣ፤ ይኸውም በእንጨት ቤት ውስጥ የልብስ ማጠቢያ የሚከፍት ሰው ሁሉ ፈቃድ ይጠይቅ የሚል ነበር። በደንቡ ላይ ቻይና የሚል ቃል የለበትም። ነገር ግን ፈቃድ የጠየቁት ከ200 በላይ ቻይናውያን ተከለከሉ፤ ከሌሎቹ ጠያቂዎች ግን ከአንዲት ሴት በቀር ሁሉም ተፈቀደላቸው። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1886 ተወሰነ። ፍርድ ቤቱም ሕግ በመልኩ እኩል ቢሆንም በአፈጻጸሙ በክፉ ዐይንና በአድልዎ እጅ ከተሠራበት እኩልነትን ያፈረሰ ነው ሲል ፈረደ። የመልክና የእውነት ልዩነት በፊደል ብቻ ሳይሆን በደንብም ውስጥ እንደሚኖር ይህ ፍርድ ያስረዳል።

አሁን ደግሞ ታሪኩ የሚወሳሰብበት ቦታ ላይ ደርሰናል። ይህን የውሸት ፊደል በታፔላቸው ላይ ከሰቀሉት ሰዎች መካከል ብዙዎቹ ራሳቸው ቻይናውያን ነበሩና። ይህስ ስለ ምን ሆነ?

ሚያዝያ 18 ቀን 1906 ሳን ፍራንሲስኮ በመሬት መንቀጥቀጥ ተመታች፤ ቀጥሎም በእሳት ነደደች። የቻይናውያን ሰፈርም ዐመድ ሆነ። የከተማው ሹማምንት ይህን አጋጣሚ ተጠቅመው ቻይናውያኑን ከመካከል ከተማ አውጥተው ሀንተርስ ፖይንት ወደሚባለው ዳርቻ ለማዛወር አሰቡ። በዚህ ጊዜ ሉክ ቲን ኢላይ የተባለ በካሊፎርኒያ የተወለደ ነጋዴና ጓደኞቹ አንድ ብልሃት ፈጠሩ። ሰፈሩን በዚያው ቦታ ላይ መልሰው ሲሠሩት፥ ጣራው እንደ ፓጎዳ የተቀለበሰ፥ ማማው በቀይና በወርቅ ቀለም ያሸበረቀ እንዲሆን አደረጉ። የሕንፃዎቹን ንድፍ ያወጡት ግን አሜሪካውያን ባለሙያዎች ነበሩ። ይህ የሕንፃ ዐይነት በቻይና አገር እንደዚያ ሆኖ አይገኝም፤ የተሠራው አሜሪካዊው ጐብኚ ቻይና በሐሳቡ እንደሚሥላት ተደርጎ ነው። ብልሃቱም ሠራ። ጐብኚ መጣ፤ ገንዘብ ገባ፤ ሰፈሩም ከቦታው ሳይነቀል ቀረ።

እንግዲህ ፊደሉንም በዚህ ዐይን መመልከት ይገባል። በ1896 የቻይናው ታላቅ መኰንን ሊ ሆንግዣንግ ኒው ዮርክን ከጐበኘ ወዲህ «ቾፕ ሱዊ» የተባለው ምግብ የከተማ ሰው ሁሉ ወሬ ሆነ። ምግቡ ከልዩ ልዩ ቊራጭ የተቀላቀለ ሲሆን፥ በአሜሪካ ምድር የገነነ ነው። በ1915 ደግሞ አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት የምግብ ቤት ባለቤት እንደ ነጋዴ እንዲቈጠር ፈረደ። የ1882ቱ ክልከላ ሠራተኛን እንጂ ነጋዴን አይነካም ነበርና፥ ምግብ ቤት መክፈት ለአንድ ቻይናዊ እንጀራ ብቻ ሳይሆን የመግቢያ በርም ሆነለት። ስለዚህ ምግብ ቤቶች በየከተማው በዙ። ባለቤቱ ወደ ማተሚያ ቤት ሄዶ የምግብ ዝርዝር ሲያሳትም፥ ፊደል ለቃሚው «ለእናንተ የሚስማማው ይኸው ነው» ብሎ ያን ፊደል ያወጣለታል። ባለቤቱም መንገደኛው ምግብ ቤቱን ከሩቅ እንዲያውቅለት ይፈልጋል። ልጆቹን የሚያሳድግበት ታፔላ ነውና የፊደሉን ትክክለኛነት ሊከራከርበት አልተነሣም። በዚህ ሰው ላይ «የራስህን ክብር ሸጥህ» ብሎ መፍረድ፥ የተዘጋ በር አይቶ የማያውቅ ሰው ፍርድ ነው።

የፊደሉም ስም ከጊዜ በኋላ ተለወጠ። በ1892 የክሊቭላንዱ ድርጅት ከሌሎች የፊደል ድርጅቶች ጋር ተጠቃሎ «አሜሪካን ታይፕ ፋውንደርስ» የተባለው ታላቅ ኩባንያ ተቋቋመ። «ቻይኒዝ» ይባል የነበረውም ፊደል በኋላ ዘመን «ማንዳሪን» ተባለ። የመንግሥት ሠራተኞች የሆናችሁ አንባብያን ይህን ቃል ልታውቁት ይገባል፤ ምክንያቱም ማንዳሪን ማለት ፈተና አልፎ ለመንግሥት የሚያገለግል የቻይና ሹም ማለት ነው። የሚያስገርመው ግን ቃሉም ራሱ ቻይንኛ አለመሆኑ ነው። ከሳንስክሪት «መካሪ» ከሚለው ቃል ተነሥቶ፥ በማላይኛ አልፎ፥ በፖርቱጋል መርከበኞች አፍ ተለውጦ ወደ አውሮፓ የገባ ነው። ቻይናውያን ሹማቸውን የሚጠሩት «ጓን» ብለው ነው። እንግዲህ ፊደሉ ከነስሙ የተውሶ ሆነ ማለት ነው።

የእርሳስ ዘመን ሲያልፍ ብዙ የጌጥ ፊደሎች አብረው ሞቱ፤ ሣጥናቸው ተሸጠ፥ እርሳሳቸው ቀለጠ። ይህኛው ግን አልሞተም። በመጀመሪያ ፊደል በፎቶግራፍ መነሣት ተጀመረ፤ በዚህ ዘዴ አሮጌ ፊደልን ከናሙና መጽሐፍ ላይ አንሥቶ በፊልም ማስቀረት ይቻል ነበር። በኒው ዮርክ በ1936 የተቋቋመው «ፎቶ ሌተሪንግ» የተባለው ድርጅት በዚህ ሙያ የታወቀ ነበር። በካሊፎርኒያ በኦክላንድ ደግሞ ዳን ሶሎ የተባለ ሰው የ19ኛውን መቶ ዓመት የጌጥ ፊደሎች እየሰበሰበ በመጽሐፍ አሳትሞአል። ቀጥሎም ኮምፒዩተር መጣ። በ1985 አፕል የተባለው ኩባንያ የሌዘር ማተሚያውን ባወጣ ጊዜ፥ በጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የማተሚያ ቤትን ሥራ መሥራት ተቻለ። በ1986 የወጣው «ፎንቶግራፈር» የተባለው ፕሮግራም ደግሞ ማንም ሰው በቤቱ ፊደል እንዲቀርጽ አስቻለው።

ሕጉም መንገዱን አቃለለው። በ1978 አንድ የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የፊደል መልክ እንደ መጽሐፍ ወይም እንደ ሥዕል በደራሲ መብት ሊጠበቅ አይችልም ሲል ወስኖአል። ፊደሉን የሚያሠራው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ይጠበቃል፤ መልኩ ግን የሁሉም ነው። ስለዚህ የጥንቱን ናሙና አይቶ አዲስ ቅጂ ማውጣት ለማንም የተፈቀደ ሆነ።

በዚህ ምክንያት የክሊቭላንዱ ፊደል ልጆችና የልጅ ልጆች በኮምፒዩተር ውስጥ ተራቡ። ስማቸው ራሱ ብዙ ይናገራል፤ አንዱ «ዎንቶን»፥ ሌላው «ራይስ ቦውል» ማለት «የሩዝ ሳሕን»፥ ሌላው «ቻው ፈን»፥ ሌላው «ካራቴ» ይባላል። አራተኛው የጃፓን ትግል መሆኑን ልብ ይሏል። የአራት ሺህ ዓመት ታሪክ፥ ፍልስፍናና ቅኔ ያለው ሕዝብ በምግብና በድብድብ ስም ተጠቃለለ ማለት ነው።

በእርሳስ ዘመንና በዛሬው ዘመን መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ቀድሞ ይህን ፊደል የሚፈልግ ማተሚያ ቤት ገንዘብ ከፍሎ፥ ከድርጅቱ አስመጥቶ፥ በሣጥን ያኖረው ነበር፤ የማን ሥራ እንደ ሆነም ናሙናው መጽሐፍ ላይ ተጽፎ ይገኝ ነበር። ዛሬ ግን ፊደሉ በነጻ ይገኛል፤ ዘመኑም ሆነ ታሪኩ አብሮት አይመጣም። የሚጠቀምበት ሰው ስለ 1883ም ሆነ ስለ 1882 የሰማው ነገር የለም። ዝርዝሩን ከፍቶ ይመርጣል፤ «ይህ የቻይና ይመስላል» ይላል፤ ያትማል። ምርጫው እንደዚህ ቀላል በመሆኑ ኀላፊነቱ የቀለለ ይመስላል። ነገር ግን ቀድሞ በቀራጩ፥ በሻጩና በፊደል ለቃሚው መካከል ይከፈል የነበረው ኀላፊነት ዛሬ በአንዱ በመራጩ ትከሻ ላይ ነው የወደቀው።

ይህም በቃል ብቻ የቀረ አይደለም። በ2002 «አበርክሮምቢ ኤንድ ፊች» የተባለው የአሜሪካ የልብስ ኩባንያ፥ ቻይናውያን ልብስ አጣቢዎችን በሥዕልና በቀልድ የሚያሾፍባቸው ጽሑፍ ያለበት ካናቴራ አወጣ። እስያውያን አሜሪካውያን በተለይም ተማሪዎች ተቃወሙ፤ ኩባንያውም ካናቴራዎቹን ከገበያ አነሣ። ከላይ ያወሳነውን የ1886ቱን ፍርድ ያስታወሰ ሰው ተቃውሞው ከምን እንደ መጣ ይገባዋል። በአያቶቻቸው ዘንድ ልብስ ማጠብ በፍርድ ቤት ተከራክረው ያተረፉት እንጀራ ነበረ፤ በካናቴራው ላይ ግን መሣቂያ ሆኖ ተገኘ።

ሁለተኛው ምሳሌ ከምርጫ ነው። በ2018 በኒው ጀርሲ ግዛት አንዲ ኪም የተባለ ሰው ለአሜሪካ ምክር ቤት ተወዳድሮ ነበር። የተቃራኒው ፓርቲ የግዛት ኮሚቴ በበተነው ወረቀት ላይ፥ ስለዚህ ሰው «የሚያጠራጥር ነገር አለ» የሚለው ቃል በዚሁ በቾፕ ሱዊ ፊደል ታትሞ፥ አጠገቡም የዓሣ ሥዕል ተደርጎበት ወጣ። በእንግሊዝኛ «ዓሣ ዓሣ ይላል» ማለት «ያጠራጥራል» ማለት ነውና። ሰውየው ግን በአሜሪካ የተወለደ ዜጋ ነው፤ ወላጆቹም የመጡት ከኮሪያ እንጂ ከቻይና አይደለም። ኮሪያ ደግሞ በ15ኛው መቶ ዓመት በንጉሥ ሴጆንግ ዘመን የተደራጀ የራስዋ ፊደል ያላት አገር ናት። እንግዲህ በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቃል ያጠራጥራል ሲል፥ ፊደሉ «ይህ ሰው የኛ አይደለም» ይል ነበር። ቃሉን ቢጠይቁት ለጸሓፊው ማመካኛ ይገኝለታል፤ ፊደሉን ግን ፍርድ ቤት አቅርቦ የሚጠይቀው የለም። ክፋቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። አንዲ ኪም በዚያ ምርጫ አሸነፈ፤ በ2024ም ለሴኔት ተመርጦ ከኮሪያ ዘር የተወለደ የመጀመሪያው የአሜሪካ ሴናተር ሆነ።

አንባብያን ሆይ፥ ይህ የሩቅ አገር ነገር ነው ብላችሁ እንዳታልፉት፤ እኛንም የሚነካ ወንድም አለው። በ1923 ሩዶልፍ ኮኽ የተባለ የጀርመን የጽሕፈት ሊቅ በኦፈንባኽ ከተማ ለሚገኘው ለክሊንግሽፖር ድርጅት «ኖይላንድ» የተባለ ወፍራምና ጠርበብ ያለ፥ በመጥረቢያ የተጠረበ የሚመስል ፊደል ቀረጸ። ኮኽ መንፈሳዊ ሰው ነበረ፤ ፊደሉንም ሲቀርጽ አፍሪካን የሚያስታውስ ነገር አልነበረበትም። ይህ ፊደል ግን ወደ አሜሪካ ከተሻገረ በኋላ ስለ አፍሪካና ስለ ጥቁር ሕዝብ በሚጻፉ መጻሕፍት ሽፋን ላይ፥ በሳፋሪና በአራዊት ፊልም ማስታወቂያ ላይ እየተደጋገመ የአፍሪካ መታወቂያ ተደረገ። የራስዋ ፊደል ያላት፥ በብራና ስትጽፍ ከሺህ ዓመት በላይ የቈየች ኢትዮጵያ ያለችበት ክፍለ ዓለም፥ በአንድ ጀርመናዊ መጥረቢያ መሰል ፊደል ይወከላል። ቻይናዊው በብሩሽ መሳይ ስንጥር፥ አፍሪካዊው በጥርብ እንጨት መሳይ ፊደል ተመሰለ፤ ሁለቱም ግን አልተጠየቁም።

እንግዲህ ምን እንበል? ፊደሉ በዐዋጅ ይከልከል ብንል ስሕተት ይሆናል። የቻይና ሰው በአባቱ ምግብ ቤት ታፔላ ላይ ያን ፊደል ሲያይ የልጅነቱን ማዕድ ያስታውስ ይሆናል፤ ማንም ተነሥቶ «አውርድ» ሊለው አይገባም። አሮጌ ፊደልን ማደስም የታሪክ ጥበቃ ነው፤ የ1883ቱን ናሙና ከነስሙና ከነዘመኑ ያቈየ ሰው ምስጋና ይገባዋል። ፊደሉ በራሱ ክፉ ሐሳብ የለውም፤ እርሳስ ነበረ፥ ዛሬ ደግሞ የኮምፒዩተር ቍጥር ሆኖአል።

ነገሩ የሚለየው በሚጻፈው ስም ባለቤት ነው። ሰው የራሱን ስም በወደደው ፊደል ይጻፍ፤ በታፔላውም ላይ ይስቀለው፥ መብቱ ነው። የሌላውን ሰው ስም የሚጽፍ ግን በአደራ ዕቃ እንደሚሠራ ሰው ይጠንቀቅ። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይባላል፤ የስምን ልብስ የሚሰፋውም ፊደል ነው። በየቀኑ የሰዎችን ስም በመዝገብ፥ በመታወቂያ፥ በማስታወቂያ ላይ የምትጽፉ እናንተ ይህን አደራ ከሌላው ይበልጥ ይዛችኋል። ብዕር ከማንሣታችሁ ወይም በኮምፒዩተር ካለው ዝርዝር ፊደል ከመምረጣችሁ በፊት፥ ባለቤቱ ቆሞ ቢያየው ስሙን ያውቀው እንደ ሆነ፥ አውቆም ደስ ይለው እንደ ሆነ አንድ ጊዜ ራሳችሁን ጠይቁ። ይህን ለመጠየቅ የሚፈጀው ጊዜ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም።